ለሚያስለው አንባቢዬ

አንለይ፣
ይህን ባስተማርኩህ ብሬል የጻፍኩልህ አከራያችን እትዬ ይርገዱ አንብበው እንዳይስቁብህ ነው። ቁልፉ እሳቸው ዘንድ አለ። ሩዙን ሳታሞቅ እንዳትበላ።

እኔ ፈተና ሄድኩ፤ ደስታ ሊገድለኝ ነው! ኮሌጁ ግማሽ ሰዓት ጨመረልኝ፣ አዲስ አንባቢም መደበልኝ። የአንበሳሜ ልጅ ናት፣ ድምጿ ጥርት ያለ።

አንተን ያስቀየርኩህ እኔ ነኝ።
እንዳትቀየመኝ።

ፈተና ስታነብልኝ ትክክል የመሰለህ መልስ ላይ ስትደርስ ታስል ነበር። ለእኔ ብለህ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ወንድሜ፣ ባለፈው አምስት ጊዜ ሳልክ፤ አምኜህ አምስቱንም ሳትኩ! እኔ እኮ የማላየው ወረቀቱን ነው እንጂ መልሱን አይደለም።

ስመለስ አብረን እንበላለን። ያኔ እንደልብህ ሳል።

ሰውመሆን