ጣቢያው ያልተጠራበት ሳምንት

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

የመብራት መሥሪያ ቤታችን በየአርቡ የሚያወጣውን የሳምንቱን የመብራት ዋጋ ዘገባ ግማሽ አደረስኩ። ንፋሱ ከቅዳሜ ጀምሮ አላረፈም። የንፋስ ኃይል በአሥራ አራት ከመቶ ጨመረ፣ የፀሐዩ ባለበት ነው፣ ዋጋው በሰሜን በዘጠኝ፣ በደቡብ በስድስት ከመቶ ወረደ። ጥሩ ሳምንት። አለቃዬ ረቂቁን ወስዶ ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጨመረበትና መለሰልኝ። ቢሮው በሙሉ ከጀርባው "ነጠላ ሰረዝ" የሚለው ያለ ነገር አይደለም። "ደስ የሚል ዜና ነው፣ ከላይ አድርጊው" አለኝ። አደረግኩት።

ለማን ነው ደስ የሚለው?

ማታ ባሌ ከጋዝ ጣቢያው ንጹህ ሆኖ ገባ። ቱታው እንደታጠፈ ቦርሳው ውስጥ... ሳይለብሰው ውሎ። ተርባይናቸው የሚነሳው ንፋሱና ፀሐዩ አልበቃ ሲል ብቻ ነው። ኃይል አመንጩ ተብለው ካልተጠሩ እሱና በሥሩ የሚሠሩት አምስት ልጆች ካርታ ሲጫወቱ ይውላሉ። አብረውን የሚኖሩት እናቱ፣ አማቴ፣ ቱታውን አዩና "ዛሬም እንደ ሙሽራ ተቀምጠህ ዋልክ?" አሉት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ሆዴ ግን አልሳቀም። በኔ ዘገባ "ዋጋ ወረደ" ማለት እሱ ሥራ ፈቶ ዋለ ማለት ነው። ዘገባውን ደግሞ አያነበውም። "ያንቺ ወረቀት ትናንትን ነው የሚያወራው" ይላል።

አርብ፣ ሚያዝያ 24

ዘገባው ወጣ። እንደወትሮው ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ። ከዚያች ሰዓት በፊት አንዲት ቁጥር ከክፍላችን አትወጣም፤ ጋዝና መብራት የሚነግዱት ሁሉ እኩል እንዲያዩት ነው። የዓለም የጋዝ ዋጋ ደግሞ ተሰቅሏል። ጋዙ ውድ፣ ንፋሱ ርካሽ... ማን ጋዝ ያቃጥላል?

ባሌን እያሰብኩ መቀመጥ አልቻልኩም ዛሬ። ቆሜ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ባሌ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። የጋዝ ጣቢያው ሠራተኞች ከፈለጉ ሠልጥነው ተራራው ላይ ወዳለው የንፋስ ጣቢያ ይዛወራሉ። የሚፈልግ እስከ ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ፊርማ የለም። የማይፈርም "ጣቢያው እስካለ ድረስ" በሥራው ይቀጥላል።

እስካለ ድረስ... እዚያች ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ።

"ምን አሰብክ?" አልኩት።

"ምን አስባለሁ? ክረምት ይግባና ፀሐይዋ በደመና ትሸፈን። ሁሉም ወደ እኛ ነው የሚሮጠው። ያኔ ተርባይኑን ማን ሊያስነሳው ነው?"

ሌላው ምክንያት ቆይቶ ወጣ። የንፋሱ ማማ ሰማንያ ሜትር ነው። የሳሎኑን አምፖል እንኳ የምቀይረው እኔ ነኝ፤ እሱ ወንበር ላይ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። አማቴ "አባቱም እንዲሁ ነበሩ፤ ከአልጋ ሲወርዱ እንኳ ግድግዳ ይዘው ነው" አሉ። ሳቅን። ወረቀቱን ቴሌቪዥኑ ሥር ሸጎጠው።

አምስቱ ልጆች የሚያዩት እሱን ነው። እሱ ካልፈረመ አንዳቸውም አይፈርሙም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ንፋሱ ጸጥ አለ። ከረቡዕ ጀምሮ ቅጠል አይነቃነቅም። ዋጋው ሽቅብ ወጣ፣ ጣቢያው ተጠራ። ባሌ ፊቱ በዘይት ተለውሶ እያፏጨ ገባ። "አየሽ? አላልኩሽም?" አለኝ። እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ቆረሰ፣ እናቱ ጮኹበት።

ደስታው ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ሰው እንዴት ንፋስ እንዲነፍስም እንዳይነፍስም ባንዴ ይመኛል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ወይ ጉድ።

አለቃዬ ጠራኝ። ከምሥራቁ ግድቦች የሚመጣው ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር ከታሰበው ቀድሞ አልቋል። በሰኔ መጀመሪያ ሥራ ይጀምራል። "ለአርብ የክረምቱን ግምት እንደገና ሥሪው" አለኝ። ሠራሁት። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ሠራሁት። ያው ነው። ክረምት ግድቦቹ የሚሞሉበት ጊዜ ነው፤ ያ ሁሉ ርካሽ ኃይል በአዲሱ መስመር ሲመጣ ለጋዝ ጣቢያው የሚተርፍለት ሰዓት የለም። ክረምቱን ሙሉ አይጠራም። ባሌ የሚጠብቀው ክረምት አይመጣም ማለት ነው።

"ጣቢያውስ?" አልኩት አለቃዬን፣ እንደ ዋዛ።

"ይዘጋላ፣ ሌላ ምን ይሆናል? ግን እስከ አርብ አራት ሰዓት ትንፍሽ እንዳትዪ። ለባልሽም ቢሆን።"

ደነገጥኩ። እሱ ግን ቀና ብሎም አላየኝ። ለሁላችንም ሁልጊዜ የሚላት ነገር ናት። ባሌ የት እንደሚሠራ አያውቅም፤ ነግሬውም አላውቅ።

ፊርማው ሐሙስ ያበቃል። ዘገባው አርብ ይወጣል። ምን አለ ቢገላበጥ... ቤት ገብቼ ራቱን አሳረርኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። "ዘገባውን ነገ ብናወጣውስ? አልቋል እኮ" አልኩት።

"አልቆ ይደር። የኛ ክብር ሰዓታችን ነው። አንድ ቀን ለአንድ ሰው ብለን ብናፈጥን ማን ያምነናል?"

እውነቱን ነው። አዲስ የሚመጡትን ሳሠለጥን እኔም እንደዚሁ ነው የምላቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል... የኔ ዝምታ ግን ከውስጥ ሲበላኝ ዋለ። ሦስቴ ደረጃ ወጣሁ ወረድኩ፣ ያለ ጉዳይ።

ማታ ባሌ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሲጠግን አጠገቡ ቆሜ ዕቃ አቀብለዋለሁ።

"ፈርም" አልኩት።

"ምኑን?"

"ወረቀቱን። ነገ ፈርም።"

ከማጠቢያው ሥር ወጣ። "ምን አየሽ?"

"ፈርም ብቻ። አትጠይቀኝ።"

"ልጅ ነኝ እንዴ? ሰማንያ ሜትር የምሰቀለው እኔ ነኝ። ምን አየሽ?"

ማለፍ እችል ነበር። እንዲሁ ፈርቼ ነው፣ ደክሞኝ ነው ማለት... ነገርኩት። መስመሩን፣ ግድቦቹን፣ ክረምቱን። መፍቻውን አስቀምጦ እዚያው እርጥቡ ላይ ቁጭ አለ። ቆይቶ "አንድ ሰዓት እንኳ አንጠራም?" አለ።

"አንድ ሰዓት እንኳ።"

ፊቱ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። እንደዚያ ከማየው ምነው ምላሴ በተቆረጠ አልኩ። "ለማንም እንዳትናገር" አልኩት። መፍቻውን አንስቶ ማጠቢያው ሥር ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ስድስቱም ፈረሙ።

ጠዋት አምስቱን ሰብስቦ ነገራቸው። ምን ጠብቄ ነበር? ከአምስቱ አንዱ ለወንድሙ ነገረ፤ ወንድምየው ደግሞ የጋዝ ነጋዴዎች ሾፌር ነው። ጣቢያው ጋዝ እንደማይገዛ ወሬው ደርሷቸው ከሰዓት በኋላ የሰኔ ጋዝ ዋጋ፣ ምንም ዜና ሳይወጣ፣ ተንሸራተተ። ኮምፒውተሬ ላይ ሲወርድ አየሁት። ከኔ ወጥ ቤት የተነሳ ወሬ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ...

አለቃዬ ከክፍሉ ወጥቶ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን። እኔ ጋ ሲደርስ ወረቀት ያነሳሁ መሰልኩ።

አርብ፣ ግንቦት 15

ሳይጠራኝ ገብቼ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ።

"ባልሽ እዚያ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።"

"አልነገርኩዎትም።"

"ነግረሽኝ ቢሆን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው እሰጠው ነበር። አንቺም ይህን ሁሉ ሳታውቂ በሰላም ትተኚ ነበር።"

ይህን እንዴት አላሰብኩም? ጥፋቱ ረቡዕ ማታ ይመስለኝ ነበር... "እርስዎ ቢሆኑስ ምን ያደርጉ ነበር?" አልኩት።

"የኔ ሚስት ጋዝ ጣቢያ አትሠራም" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆይቶ፣ ዝግ ብሎ፣ "አላውቅም" አለ።

አራት ሰዓት ላይ ዘገባው ወጣ። ስሜ የለበትም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ወደ ደንበኞች ቅሬታ ክፍል አዛወሩኝ። ከመባረር ይሻላል ይላሉ። ስልክ አነሳለሁ። ዛሬ አንድ አዛውንት ደወሉ። "ልጄ፣ ንፋሱ በነጻ፣ ፀሐዩ በነጻ፣ ውሃው በነጻ። ታዲያ እኔ የምከፍለው ለማን ነው?" ስለ ሽቦና ስለ ምሰሶ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ጨርሰው ሰሙኝና "ጎሽ፣ በደንብ አጥንተሽዋል። እኔ ግን አልከፍልም" አሉ። ሰሞኑን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ግን ተኮራርፈናል። ትናንት ማታ ፈነዳ።

"ለምን ነገርካቸው?" አልኩት።

"አንቺ ለኔ ብቻ ነበር የነገርሽኝ?"

"ለአንተ ብቻ።"

"እኔ ፈርሜ ልወጣ፣ እነሱ ካርታቸውን እየተጫወቱ ሊቀሩ? ቤታችን ገብተው የበሉ ልጆች? በምን ዓይኔ ነበር የማያቸው?"

አላሰብኳቸውም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስጨነቅ አንዴ እንኳ ትዝ አላሉኝም። ዘገባውን ማጣቴ ያናድደኛል፤ ይህ ግን ያሳፍረኛል።

አማቴ ከክፍላቸው ሆነው "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አሉ፣ እንድሰማ አድርገው። ተቀየምኳቸው። ጠዋት ግን ሻይ ይዘው አልጋዬ ድረስ መጡ። "እኔ ብሆን ማክሰኞ ነበር የምነግረው" አሉኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ሄደ። ስድስቱም በአንድ መኪና፣ ወደ ንፋስ ጣቢያው። በር ላይ እጄን ይዞ ቆየ። አንድ ነገር ሊናገር ብሎ ተወው። "ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል፣ ሰው ጥሪበት" አለኝ በመጨረሻ።

ይሄን ሊል ነበር? አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ትናንት ዘገባውን እንደማንኛውም ሰው አነበብኩት፣ በሁለት ስልክ መሐል። ዋጋ በሁሉም አቅጣጫ ወርዷል። "የጋዝ ጣቢያው በሳምንቱ ውስጥ አልተጠራም" ይላል። አንድ መስመር ብቻ።

ዛሬ ባሌ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል፣ የሚያፏጭ ነገር አለበት።

"የት ነህ?"

"ላይ።"

"ላይ የት?"

"ማማው ጫፍ። አትፍሪ፣ ወገቤን አስረውኛል።"

"ታዲያ እዚያ ሆነህ ስልክ ምን ያስነካሃል? ያዝ በሁለት እጅህ!"

"ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ስናገር ይሻለኛል። ጣቢያችን ከዚህ ይታያል። የጭስ ማውጫው ቆሟል። ጭስ ግን የለውም።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺማ በቁጥር ታውቂዋለሽ። እኔ ዓይኔ እያየ..." አልጨረሰውም። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራበት ነው። የሚያለቅስ መሰለኝ፤ እኔ ግን ቀደምኩት። የቅሬታ ክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይዩኝ።

"ልጆቹስ?" አልኩት።

"ከሥር ተራ ይጠብቃሉ። ስሚ... እንደገና ቢሆን ትነግሪኛለሽ?"

"እነግርሃለሁ።"

"ለኔ ብቻ?"

"ለስድስታችሁም።"

የማሰሪያው ብረት ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ።

"እሺ" አለ። "አሁን ልውረድ።"