መስኮት ዳር የምትቀመጠው እንግዳ

ኅዳር ፲፱ ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ጉልበቴ ከመነጫነጩ በቀር ደህና ነኝ።

ጋዜጣውን አይተሽ እየሳቅሽ የጻፍሽልኝ ደረሰኝ። «የመዲናችን አንጋፋ ምግብ ቤቶች» በሚለው ጽሑፍ፣ በእናትሽ ፎቶ ሥር «የሠላሳ ዓመት ታማኝ ደንበኛ» መባሉ የጋዜጠኛው ስሕተት መስሎሻል። መሳሳቱንስ ብዙ ተሳስቷል። ምግብ ቤታችንን የከፈተውን አያትሽን የጦር መኮንን አድርጎታል፤ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ቢላ እንኳ የሚስለው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ስለ እናትሽ የጻፈው ግን ራሷ የነገረችውን ነው።

የአያትሽን ሕግ አትረሺውም፤ «ባዶ ቤት ሰው አይጠራም፤ የመጀመሪያው እንግዳ መስኮት ዳር ይቀመጥ።» ፊት ለፊታችን ያለው ሆቴል ባንክ፣ ጥጉ ላይ ያለው ዓሣ ቤት ስልክ መሸጫ ከሆነ ወዲህ የመጀመሪያው እንግዳ መዘግየት አበዛ። ስለዚህ እናትሽ ሽርጧን ፈትታ፣ ግራጫ ካፖርቷን ደርባ፣ በፊት በር እየገባች መስኮት ዳር ትቀመጥ ጀመር። እኔ ሾርባ አቀርባለሁ፤ እሷ መንገደኛ እንዲያያት አድርጋ ታጣጥማለች። «አስተናጋጅ! ጨው የት ሄደ?» ስትለኝ አብሳይዋ ጓዳ ሆና በሳቅ ትፈርስ ነበር። ደግሞም ሠርቶልን ነበር፤ ሰው ይገባ ነበር።

ከክረምቱ ወዲህ ግን ካፖርቱን አታወልቅም። መጀመሪያ ቀልዱን ያስረዘመች መስሎኝ አብሬያት ሳቅሁ። አሁን ጠዋት ከላይ ከመኝታ ቤታችን ይዣት ስወርድ «በጓዳ አልገባም፣ እንግዳ ነኝ» ትለኛለች። የምታናግረኝም «እርስዎ» እያለች ነው። ሠላሳ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ክብር በመጨረሻ እንዲህ ሆኖ መጣልኝ።

ሐኪም አሳይቻታለሁ። ደግ ሰው ነው፤ በከንቱ እንዳንመላለስ ብሎ ተመለሱ እንኳ አላለንም።

ትናንት ሾርባዋን ስታጋምስ ጠራችኝ።

«የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«እጅዎ ይባረክ። ሚስት የለዎትም?»

«አለችኝ።»

«ምነው ታዲያ አትታይም?»

«ወጣ ብላ ነው።»

«ልጅስ?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ሩቅ አገር ናት።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እናቷ መውጣቷን ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

«ምን ዓይነት አባት ነዎት! ይጻፉላት እንጂ!»

ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ ይኸው ጻፍኩ።

ሕንጻው ሊፈርስ ነው። በወሩ መጨረሻ ልቀቁ ተብለናል። ለምግብ ቤቱ አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ ጭንቄ ሌላ ነው። ላይ ቤት ስትሆን «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ እህል የሚወርድላት እዚያች መስኮት ዳር ብቻ ነው። መስኮቱ ሲፈርስ የት ላስቀምጣት?

በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ ብለሽ ነበር። በሚመጣው ዓመት የሚቀበልሽ ወይ ባንክ ነው ወይ ጉድጓድ። ከሆነልሽ አሁን ነይ።

ስትመጪ እንደ ድሮው በጓዳ በር እንዳትገቢ። «እማዬ» ብለሽም አትሩጪባት፤ ትደነግጣለች። በፊት በር ግቢና፣ ካፖርትሽን ሳታወልቂ፣ «ይቅርታ፣ ይህ ወንበር ሰው አለው?» በያት። ብቻዋን መብላት አትወድም። ሾርባውን እኔ አመጣላችኋለሁ።

እግርሽን ከእንቅፋት፣ መንገድሽን ከመዘግየት ይጠብቅልኝ።

አባትሽ፣
አስተናጋጁ