የእሁድ ሳል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የወገብሽ ህመም ተሻለሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ብዕር ያነሳሁትም እሱን ልናዘዝ ነው።

ሥራሽን ለቀሽ ልታስታምሚኝ እንደምትመጪ በደብዳቤሽ ሳነብ ክው አልኩ። ስድስት ዓመት ለፍተሽ ያገኘሽው ኃላፊነት! መልቀቂያሽን ካላስገባሽ፣ በሞቴ፣ ይቺን ሳትጨርሺ እንዳታስገቢ።

አርባ ዓመት የማግኩት የእንጨት ብናኝ ከሳንባዬ አይወጣም፤ በአፌ የምስበው መድኃኒት፣ ፓፉ፣ ግን ያቻችለን ነበር። የባሰብኝ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ አይደለም። አልወሰድኩትም።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ እሁድ እሁድ ስትደውዪ መድኃኒትህን ወሰድክ ወይ ትያለሽ፤ ወሰድኩ እላለሁ፤ ጎበዝ፣ በል ቻው ትያለሽ። አለቀ። ቤቱ ደግሞ ጭጭ ይላል። አንድ እሁድ ረስቼው ስስል አገኘሽኝ። የዚያን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ አልዘጋሽውም፤ በልጅነትሽ መላጊያዬን የደበቅሽብኝን ሁሉ አንስተን ሳቅን። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አልረሳሁትም። ሆን ብዬ ከቅዳሜ ጀምሬ ተውኩት። ቀስ በቀስ ዓርብም፣ ሐሙስም፣ ረቡዕም ተጨመረበት።

ተንኮሌ ደግሞ! ፓፉ ጀርባ ላይ የቀረውን መድኃኒት የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ሐኪም ቤት ስሄድ ነርሷ እሱን ታያለች። በቀጠሮዬ ዋዜማ መስኮት ከፍቼ ቁጥሩ እስኪስተካከል ወደ ውጭ እነፋዋለሁ። ጎረቤቱ በኔ መድኃኒት ሲተነፍስ ከረመ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ደረቴ ግን እንደ ዛገ መጋዝ ይፋጫል። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ከበድ ያለ መድኃኒት ሊያዝልኝ ሲል፣ ነርሷ እስኪ እኔ እያየሁ ይውሰዱት አለችኝ። ሳብኩት፤ ትንፋሼን እስከ ስንት ይዤ እንደምቆይ ጠፋኝ። ድሮ የምትቆጥርልኝ እናትሽ ነበረች። ነርሷ ነቅታብኛለች፤ ሆኖም አጠገቤ ቁጭ ብላ እስከ አስር ቆጠረችልኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም ልጄ።

ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ቀን ሆነኝ፤ ጠዋትና ማታ ራሴ እየቆጠርኩ እወስዳለሁ፤ እንደታዘዝኩትም ከወሰድኩ በኋላ አፌን እጉመጠመጣለሁ። ትናንት ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁት። ስለዚህ ሥራሽን እንዳትለቂ፤ እኔን ብለሽ አትምጪ።

የአልጋሽን የተሰበረ እግር ጠግኜዋለሁ። እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም።

ክፉ አይንካሽ፤ የድካምሽን ፍሬ ያሳይሽ። እሁድ ስትደውዪ አልስልም። ቶሎ እንዳትዘጊብኝ።

አባትሽ