ቢጫዋ የሐርቡ እሬት

ሙሄ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ከተለየኸኝ አምስት ክረምት ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ክረምት ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ዝናብ ጠብ ያላለባቸው ነበሩ። ይህን የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው፤ አትሳቅ። መሠረተ ትምህርት ግቢ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ እምቢ ብዬህ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ገብቼ ሰርተፊኬት ይዤ ወጣሁ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ግን ይነበባል።

ልጃችን ከዲጃ ደሴ ተድራ ሴት ልጅ ወልዳለች። አፍንጫዋ ያንተ ነው፤ ምን ይደረጋል። የኮምቦልቻው ቤታችን ጣሪያ ማፍሰሱን አልተወም። ቀበሌ በየእሁዱ ለእርከን ሥራ ያስወጣናል፤ ጉልበቴ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ዛሬ የምጽፍልህ ግን የደበቅኩህ ነገር ስላለ ነው።

ከሐርቡ በላይ ካለው ድንጋያማ ዳገት ነቅለህ ያመጣሃትን እሬት መቼም አትረሳትም። የሰው እሬት በቀይ ሲያብብ ያቺ በቢጫ ታብብ ነበር፤ ለጎረቤት ሁሉ ጠርተህ ታሳያታለህ። ከሥሯ የምታወጣቸውን ልጆች ስትለያቸው ወዲያው አትተክላቸውም። ቁስላቸው እስኪደርቅ ሳምንት ጥላ ላይ ታስተኛቸዋለህ፤ ከቦርከና ወንዝ ያመጣኸውን ጠጠርና አሸዋ በጣሳ ሞልተህ ትተክልና ከዚያ ዞር ብለህም አታያቸውም። እኔ ተደብቄ ውሃ ሳጠጣ ስታገኘኝ ትቆጣኝ ነበር። የተጠማች ስትመስልሽ ነው ደህና የሆነችው፣ ትለኝ ነበር።

ስትሞት እናቲቱን መቃብርህ ላይ ተከልኩልህ። ወጋችን ነው። የሟች እሬት ሲለመልምና ሲያብብ ሰው አልሐምዱሊላህ፣ ተመችቶታል ይላል። እሬቱ ሲሞት ደግሞ ማንም ምንም አይልም፤ የሚያስፈራው ያ ዝምታ ነው። እኔም እንድትለመልምልህ ብዬ ጥቁር አፈር ከፍግ ጋር አለበስኳት። ጁምዓ ጁምዓ ቦኖ ላይ ተሰልፌ የቀዳሁትን ውሃ በጀሪካን አዝዬ መቃብርህ ድረስ ወጣሁ። ድርቁ ሲብስ የራሴን ጉሮሮ ሳላርስ እሷን አጠጣሁ። ያየኝ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኛል፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

አንድ ጁምዓ ቅጠሏን ስነካው እንደ በሰለ ሙዝ ላሸቀ። ሳብ ሳደርጋት እንዳለች እጄ ላይ ቀረች፤ ሥሯ በስብሶ ይሸታል። አገር ምድሩ በጥም ሲያር ያንተ እሬት በውሃ ብዛት ሞተች።

እህትህ ዘሐራ ባዶውን መቃብር አይታ እሬቷን ምን ነካት ብትለኝ፣ ፍየል በላት አልኳት። እሬት የሚበላ ፍየል! ዘሐራ ትክ ብላ አየችኝና አላህ ይዘንለት ብላ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ዘንድሮ አብሮኝ ኖረ። ሙሄ አልተመቸውም ተብሎ ቢታሰብ እንዲታሰብ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይበልጥ የከነከነኝ ግን የመጨረሻው ሳምንትህ ነው። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ልሙቅ፣ ለብቻዬ ልቀመጥ ስትለኝ፣ ንፋስ ይመታሃል ብዬ በጋቢ ጠቅልዬ አጥሚት ስግትህ ሰነበትኩ። እስቲ ትንሽ ተይኝ ስትለኝ እንኳ አልተውኩህም። የበሰበሰውን ሥር ይዤ ያሰብኩት ይህንን ነበር።

ዝናቡ ሲመለስ ከመጸዳጃው ጀርባ ያለውን አረም ሳጭድ አንዲት የዛገች ጣሳ አገኘሁ። ያንተ ናት፤ ውስጧ የቢጫዋ ልጅ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ጠብታ ውሃ አልሰጣትም። ቀልታ ተጨማዳ ነበር እንጂ አልሞተችም። አውጥቼ ሳምንት ጥላ ላይ አስተኛኋት፤ ከቦርከና ጠጠር ተሸክሜ መጥቼ እናቷ የነበረችበት ላይ ተከልኳት። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጁምዓ ስመጣ እጄ ባዶ ነው። ፋቲሓ ቀርቼ ዱዓ አድርጌልህ፣ ትንሽ ተቀምጬ እመለሳለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ የተውኩህ እየመሰለኝ መንገድ ላይ አለቅስ ነበር።

ዘንድሮ አበበች፣ ሙሄ። ዘንጓ አንድ ክንድ ይሆናል፤ ቢጫው ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ። ዘሐራን እጇን ይዤ ወሰድኳትና የፍየሉን ነገር እዚያው ተናዘዝኩ።

"ወላሂ ያኔም አላመንኩሽ" አለችኝ። "ውሃ ስታመላልሺ ዓይን የለኝም እንዴ? በእጅሽ እንደገደልሻት ነግሬሽ ሐዘን ልጨምርብሽ?"

ሳቅን፤ ከዚያ አለቀስን።

አበባዋ ስላንተ ምን እንደሚል አላህ ያውቃል። እኔ ግን ይቅር ያልከኝ መሰለኝ። ናፍቀኸኛል። ይቺም ልጅ ስታወጣ የመጀመሪያዋን ለከዲጃ ልጅ በጣሳ አደርግላታለሁ። እረሳሃለሁ ብለህ አትስጋ፤ እግሬ እስከቻለ ጁምዓ ጁምዓ እመጣለሁ። ባዶ እጄን እመጣና ፀሐይህን እንዳልጋርድብህ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ።

ባለቤትህ ፋጡማ