የቢጫው ሥዕል ዓመት

ማርች 6 ቀን 1911፣ ሰኞ

ዝናብ። የኤልባ ወንዝ ሞልቷል። ምሳ ድንች በተልባ ዘይት። ሌኔ አልበላም አለች፤ "የአባባን ብሩሽ ይሸታል።" እውነቷን ነው። በሚበላው ዘይት እንቀባለን፣ በምንቀባው እንበላለን።

ዴትሌፍ ዛሬም ማልዶ ወጣ። ወደ ሱቋ። ድሮ ጫማ ሰሪ የነበረባት፣ አሁን ሦስታችን የምንስልባት ክፍል። እሱ፣ እኔና ጓደኛችን ቪልኮ እንደ ልባችን ገብተን እንወጣ ነበር፤ ተቆልፋ አታውቅም። ሰሞኑን ግን ቁልፉ ከባሌ ኪስ አይወጣም። ለምን? ብጠይቀው "ሌባ በዝቷል" አለኝ። ሌባ! በነጻ እንኳ የሚወስድልን አጥተን...

ማርች 8

ኮርዱላን ድልድዩ ላይ አገኘኋት። ራቁቷን የምንስላት ልጅ ናት፤ ሌላ ጊዜ ኮፍያ ትሸጣለች።

"ጠፋሽ ምነው?"

"ዴትሌፍ ለጊዜው አትምጪ ብሎኝ ነው..." አለችና አይኗን ሰበር አደረገች።

ምን የሚያሳፍር ነገር አለ? ሦስት ሰው ፊት ራቁቷን ስትቆም ያላፈረች ልጅ፣ ዛሬ ከኔ አይን ትሸሻለች? ኮቷም አዲስ ነው። ማን ገዛላት?

ማርች 9

ሸሚዙን አሸተትኩ። አዎ፣ እዚህ ደርሻለሁ። ሽቶ የለም። ቀለም የምናቀጥንበት ቤንዚን ብቻ።

ማርች 11

ቪልኮን ብቻውን አግኝቼ አፋጠጥኩት። ቪልኮ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።

"ሴት አለች?"

"ኧረ ምን ሴት! አንቺ ደግሞ፣ ኦቲሊ!" ጆሮው አልቀላም።

"ታዲያ ዘግቶ ምን ይሠራል?"

"ለኤግዚቢሽኑ እያዘጋጀ ነዋ። ተይው በቃ።" ይሄን ሲል ጆሮው ቲማቲም መሰለ።

ተይው ሲለኝ ጭራሽ ባሰብኝ።

ማርች 14

አየሁት።

ሌኔን ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ቡድለር ትቼ ሄድኩ። ከሱቋ በስተኋላ ትንሽ መስኮት አለ። ባልዲ ገልብጬ ቆምኩበት። ኮርዱላ የለችም። ማንም የለም። ብቻውን ቁጭ ብሏል፤ ቀጭን ብሩሽ ይዞ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ጥጋቸው ላይ ይጽፋል። እፍ እያለ ያደርቃል። እንደ ጥሩ ተማሪ።

በሩን ደበደብኩ። ከፈተ። ፊቱ አመድ ሆነ።

"ፊርማ ነው" አለ ሳልጠይቀው።

ስንጀምር ማንም አይፈርምም ብለን ተማምለን ነበር። ሥዕሉ የሁላችንም ነው ያለው ራሱ ነው። ይሁን፣ ፊርማስ እሺ። ግን ከፊርማው አጠገብ ዓመት አለ። ባለፈው በጋ ሐይቁ ዳር ጎን ለጎን ቆመን የሳልነው ላይ 1906 ብሎበታል። ሌላው ላይ 1904።

"ዴትሌፍ፣ ይሄ እኮ የአምና ነው!"

"በልቤ የሳልኩት ያኔ ነው።"

"ልብህ ሸራ ይወጥራል እንዴ?"

"አንቺ አይገባሽም። ከፓሪሶቹ ሠዓሊዎች ቀዳ ይሉኛል። ከማንም አልቀዳሁም! መቅደሜን በሌላ በምን ላሳያቸው?"

ምነው ሴት በሆነች! ሴትማ ጸጉሯን እይዝ ነበር። ዓመትን ምኑን ይዤ ልጎትተው?

ማርች 15

ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ሳሰላስል ዋልኩ። ድስቱ አረረብኝ። የሱ ሥዕል ወደ ኋላ ሲሄድ የኔስ የት ይቀራል? አረንጓዴ ፊት መጀመሪያ የሳልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ቪልኮ "ሴትዮዋ ጎመን በዝቶባት ነው?" ብሎ ስቆብኛል። ዴትሌፍ ግን ቀርቦ ሲያየው ቆየ... በሳምንቱ እሱም አረንጓዴ ሳለ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሞኝ! አሁን የሱ ቀደመ፣ የኔ ግልባጭ ሆነ።

አውቆ ነው? ሳያስበው? አውቆ ይመስለኛል፤ ኮርዱላን አትምጪ ማለቱም፣ ቁልፉን መያዙም ለዚሁ ነው።

እሱ በጻፋቸው ዓመታትማ ቀለሙን ከነውፍረቱ እንደ ቅቤ ነበር የምንለቀልቀው። ቶሎ እንዲደርቅ በቤንዚን ማቅጠን የጀመርነው በኋላ ነው። በጣት ቢዳሰስ ይታወቃል። ግን ኤግዚቢሽን ላይ ማን ይዳስሳል?

ማርች 19

እራት ላይ "ቁጥሩን አጥፋው" አልኩት። "እሺ፣ አየዋለሁ" አለ። ፈገግ ብሎ ዳቦ ቆረሰልኝ። ዳቦ ሲቆርስልኝ አላምነውም።

ማርች 25፣ ቅዳሜ

የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ። እንደሆነው ልጻፈው።

ሌኔን በእጄ ይዤ ነበር። ሰው ሞልቷል፤ ግማሹ ለመሳቅ የመጣ ነው። ዶክተር ሃርቪች፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው፣ ሁሉም የሚፈራው፣ ቢጫው ሥዕል ፊት ቆመ። ዴትሌፍ እኔን የሳለበት ነው፤ ሥዕሉ ላይ ቢጫ ግድግዳ ተደግፌ ሕፃን ታቅፌያለሁ። ጎንበስ ብሎ ጥጉን አየ።

"1905! ያኔ? ይሄማ ከሁሉም መቅደም ነው!"

ከዚያ ወደኔ ሥዕሎች ዞረና "ሚስትየዋም ደህና ተከትለዋል" አለ። ስለኔ ያለው ይሄው ነው።

1905? እኔም ጎንበስ አልኩ። ቁጥሩ አለ። አላጠፋውም! ደግሞስ እንዴት አላሰበም? ለዓመቱ ብቻ ሲጨነቅ ሥዕሉ ውስጥ ማን እንዳለ ረስቷል። ሌኔን በ1907 ነው የወለድኳት።

"ሕፃኗ ማን ናት?" ሲል ዶክተሩ ጠየቀ።

ዴትሌፍ አየኝ። የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ደም ወደ ፊቱ ሲወጣ አይቻለሁ። እውነቱን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ከልቤ ጠበቅሁ።

"የጎረቤት ልጅ ናት" አለ።

"እኔ ነኝ!" ሌኔ እጄን ለቃ ሮጠች። "አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ጸጉሯን እየዳበሰ "ልጆች ያዩትን ሁሉ ራሳቸው ይመስላቸዋል" አለ።

"ልጃችን ናት። በ1905 አልተወለደችም" አልኩ። ጮክ ብዬ።

ዶክተሩ ኮፍያውን አነሳልኝ። "የእናት አንጀት! ይገባኛል፣ እመቤቴ።" ብሎ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ።

ማርች 27

ሥዕሎቼን ከግድግዳ አወረድኩ። ቪልኮ መሰላሉን ያዘልኝ።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።" ጆሮው አልቀላም። "የኔንም ሥዕሎች ዓመት ወደ ኋላ ልመልስልህ ብሎኝ ነበር... እምቢ አልኩ እንጂ ላንቺ አልነገርኩሽም።"

ደሜ ፈላ። መሰላሉን አስይዤ የልቤን ነገርኩት።

ኤፕሪል 9

ወይዘሮ ቡድለርን ጣሪያቸው ሥር ያለውን የልብስ ማስጫ ክፍል ለመንኳቸውና ፈቀዱልኝ። ከተሰጣው አንሶላ መሀል እስላለሁ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ከፊት ለፊት እጽፋለሁ፤ ሥዕሉን ቢያበላሽም ያበላሸው። ሱቋ አልሄድም። ከዴትሌፍ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነን፤ ወዴት እሄዳለሁ? ግን ሲናገር አይኑን ሳይሆን እጁን ነው የማየው።

ዛሬ ከቁርስ በኋላ ወረቀት ይዞ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ድምፁ የድሮው ነው፣ ለስላሳ።

"ሌኔ፣ ነይ ልሳልሽ።"

ሮጣ ሄደች። ወንበሩ ላይ ወጥታ፣ ቀሚሷን አስተካክላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ተንኮል በሌለው ድምፅ፣

"አባባ፣ ዛሬ ራሴን ልሁን ወይስ የጎረቤቷን ልጅ?"

እርሳሱ ቆመ። ወደኔ ዞረ፤ እንዳግዘው። ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ሌኔ ሳትንቀሳቀስ መልሱን ትጠብቃለች።