የላስቲኩ ሐይቅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የአማከለችን ፍሪጅ ጨረስኩ። መካኒሳ አቦ፣ ሱቋ ውስጥ ለስላሳ የምታቀዘቅዝበትን። «ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። «አኩርፎሽ ነበር፤ አስታረቅኳችሁ» አልኳት። የፍሪጅ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩ… ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የለመድኩት። ቀልድ ግን ሳላበላሽ ነው ያወቅሁት።

ማታ ያኤል እራት ላይ ካርታ ዘርግታ ሽሮው ሊደፋበት ነበር። እህቴ ፅጌረዳ ተቆጣች። «ተያት፣ ልጅሽ መንገድ እያጠናች ነው» አልኳት። ሐሙስ ብቻዋን ትበራለች። በዚያች ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን። የግል አብራሪነት ፈቃድ ካገኘች ዓመት እንኳ አልሞላትም። የበረራ ሰዓት እያጠራቀመች ነው… ወደፊት መንገደኛ ለመጫን።

«አሞራዬ፣ ላፍቶ ስትደርሺ ወራጅ አለ በይ።»

«ጋሼ፣ በላፍቶ በኩል አላልፍም።»

«ታዲያ ምኑን በረርሽው?»

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው። ፅጌረዳ በረንዳ ላይ ቆማ ሰማይ ሰማዩን ታያለች… ልጅቷ በዚያ በኩል የምትገባ ይመስል። የማረጋጊያ ቀልድ ፈለግኩ። አጣሁ። እኔ!

መጣች። ደህና ናት። ፊቷ አመድ መስሏል። «የተከለከለ ክልል ውስጥ ገባሁ» አለች።  ፈቃዷን ወስደውባታል። ገብታ ተኛች።

አርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ተነፈሰች። ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዷ ላይ ያለው ሐይቅ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ መታጠፍ ነበረባት። ጭጋግ ብጤ ነበር። ከፊቷ የሚያብለጨልጭ ውሃ አየች። ታጠፈች። ውሃ አልነበረም! የአበባ እርሻ… ሜዳውን ሞልቶ የተዘረጋ ነጭ ላስቲክ። ፀሐይ ሲያርፍበት ቁጭ ሐይቅ። ካርታዋ ላይ የለም፤ ካርታው ሲሠራ ቦታው የጤፍ ማሳ ነበር። እውነተኛው ሐይቅ ገና ከፊቷ ነው። ያለ ቦታው ታጥፋ ማንም እንዳያልፍበት የተከለከለ ሰማይ ውስጥ ገባች።

«መጀመሪያ በሬዲዮ በእንግሊዝኛ ጠሩኝ» አለች። «እሱን ለምጄዋለሁ። ቆይቶ ሰውየው በአማርኛ ‹እህቴ፣ የት ነሽ?› አለኝ። ያኔ ነው የፈራሁት።»

«ምን አልሽው?»

«አላውቅም።»

«አታስታውሺም?»

«አይ ጋሼ… ‹አላውቅም› ነው ያልኩት።»

ሰውየው በድምፁ እየመራ አወጣት። እንዳረፈች ሁለት ሰዎች ጠበቋት። ቀኑን ሙሉ ጥያቄ። በሚቀጥለው ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ፈቃዷ ይመለሳል፣ አለዚያም ለሁልጊዜ ይሰረዛል።

ምክር ሰጠኋት። ምክር! «ኮምፓሱ አሳሳተኝ በይ። ኮምፓስ እንደሆነ አፍ የለው፣ አይከራከርሽ።»

ሳቄ ሳያልቅ አየችኝ። «ኮምፓሱን የሚፈትሸው ሂርጳ ነው ጋሼ። ነገሩ እስኪጣራ አውሮፕላን እንዳትነካ ተብሏል።»

ሂርጳን አውቀዋለሁ፤ ፉሪ የሚኖረው፣ ያኤል የተማረችበት የበረራ ማሠልጠኛ መካኒክ። አንዴ አውሮፕላኗን ሲያሳየኝ «ከፍሪጅ በምን ትሻላለች?» ብዬ አናድጄዋለሁ። እኔ የጠገንኩት ፍሪጅ ቤት አቃጠለ ተብሎ በውሸት ቢወራብኝስ? በየትኛው ሰፈር ሥራ አገኛለሁ? 

እሑድ፣ ኅዳር 14

የዕድር ስብሰባ ነበር። ጎረቤታችን አብዶ ሰው መሃል «ልጅቷ ታሰረች አሉ?» አለኝ። ደሜ ፈላ።

«ማን? ያኤል? ሁለት ጄት ግራና ቀኝ አጅበው በክብር ነው ያሳረፏት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደስ አለኝ። የጄቶቹን ቀለም ሳይቀር ነገርኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ያኤል ከሱቅ መጣች። «አማከለች አራት ጄት ነበሩ አለችኝ።»

«እኔ ሁለት ነው ያልኩት! የቀሩትን አብዶ ነው የጨመረው።»

አልሳቀችም። የገዛችውን ሳሙና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «ጋሼ፣ የሆነው አነሰህ?» ብላኝ ገባች።

አነሰኝ እንዴ? ስሟን ከፍ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የሰው አፍ የፈራሁት እኔ ነኝ… እሷ ሱቅ ድረስ ሄዳ ቀና ብላ ነው የተመለሰችው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ነገ ነው። ፅጌረዳ የራሷን ነጠላ አጥባ አሰጣች… ኮሚቴው የሚጠይቀው እሷን ይመስል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አብሬያት ሄድኩ። እሷ ገባች፣ እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። ሂርጳም እዚያው ተቀምጧል። ጣቶቹን ያፍተለትላል። የግራሶ ሽታ አልነበረውም፤ ሳምንቱን ሙሉ ምንም አልነካማ።

«ምን ትል ይሆን?» አለኝ።

«ደግነቱ እኔን አትሰማኝም» አልኩት። አልገባውም። ባይገባው ይሻላል።

ስትወጣ ሁሉንም ነገረችን። ሰብሳቢው ካፒቴን ገብረ መድኅን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው አለች።

«ኮምፓሱ ይሠራ ነበር?» አሏት።

«ይሠራ ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁት። ብልጭታውን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር አላየሁም።»

«በሬዲዮ ሲጠይቁሽ ለምን ‹አላውቅም› አልሽ?»

«ስላላወቅኩ ነው።»

ከጎናቸው ያለው ሰውዬ ሳል አስመስሎ ሳቀ። ካፒቴኑ አልሳቁም። «አውቃለሁ ብለሽ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ትገቢ ነበር» አሉና ጻፉ።

ውሳኔው… ሁለት ወር ከበረራ ታግዳለች። ከዚያ ፈተና። ካለፈች ፈቃዷ ይመለሳል። ከወደቀች አበቃ። ሂርጳ ከነገ ጀምሮ ሥራው ላይ ነው። ሁለት እጇን ይዞ አልለቅም አለ። ደጋግሞ ይስማል።

«ኧረ ልቀቃት፣ መሪ የምትጨብጥበት እጅ ነው!» አልኩት።  ታክሲ ውስጥ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ተጓዝኩ። ኮርቼ ነው። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም… ፈቃዷን ስትቀበል እንኳ! ጭራሽ ተቀምታ ስትወጣ?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

በየቀኑ ታጠናለች። ካርታዋ ላይ በእርሳስ አዳዲስ ነገር እየጨመረች ነው… እርሻው፣ አዲሱ አስፋልት፣ የሪል እስቴቱ ጣሪያ ሁሉ። «ጠይቀኝ» ትለኛለች። አልገባኝም፣ ግን እጠይቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ግቢው ላይ ትልቅ ላስቲክ ዘርግቼ ጠራኋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ላስቲክ።»

«አልፈሻል። ፈቃድሽን ከእኔ ውሰጂ።»

ሳቀች! ከዚያን ቀን ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ፅጌረዳ ግን በርበሬ ማስጫዬን ቆሻሻ ላይ ዘረጋህ ብላ አባረረችኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

አለፈች! ፈታኟ ሆን ብለው በእርሻው በኩል ነው የወሰዷት። «ያስ ምንድን ነው?» ቢሏት ቶሎ አልመለሰችም። ኮምፓሱን አየች፣ ካርታዋን አየች፣ ከዚያ «የአበባ እርሻ ነው፤ ሐይቁ ገና ነው» አለቻቸው። የፅጌረዳን እልልታ ፉሪ ድረስ… አይ። ጎረቤት ሰማው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ማሠልጠኛው አዲስ ተማሪዎች ተቀበለ። ወላጅ ተጠርቷል። ያኤል እንድትናገር ካፒቴን ገብረ መድኅን ጠይቀዋት እሺ ብላለች። «ፈቃድሽ ተመልሷል፣ ምን አስገደደሽ?» ብላት «ሌላ ሰው እዚያ እንዳይታጠፍ ነዋ» አለችኝ።

ከኋላ ተቀመጥኩ። ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ወጣች። ግድግዳው ላይ ፎቶ አሳየች፤ ከላይ የተነሳ፣ የሚያብለጨልጭ። «ይህን ሐይቅ ነው ብዬ ታጠፍኩ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀጠለች… ጭጋጉን፣ ያላየችውን ኮምፓስ፣ ሬዲዮው ላይ ያለችውን። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ልጆቹ መጻፍ ጀመሩ። አንዷ እጇን አውጥታ «‹አላውቅም› ስትዪ አላፈርሽም?» አለቻት። «አፍሬያለሁ። ግን ወጣሁ» አለች ያኤል።

አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ሪሐና የሚባሉ ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድሮ ጀማሪ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ውይ፣ እንዲህ ያለ ጉድ በሰው ፊት ይወራል? ደግሞ ቆንጅዬ ልጅ! የማን ትሆን?»

ስንት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ… ዋጥኩት። ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

«የተሳሳተችው?» አልኳቸው። «የእኔ ናት።»

ምንም አልጨመርኩበትም።