ስኳሩ የሰማው ተረት

ኤፕሪል 4
ግራ ጆሮዬ ዛሬም ቀላ። ላይኛው ብቻ... ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ጫፍ ደህና ነው። ባለቤቴ ሶኖኤ የሻሚሴኗን፣ የጃፓን ክራሯን፣ አውታር እየወጠረች፣ የሚያሙህ ሰዎች ሥራ በዝቶባቸዋል አለችኝ።
ማታ መድረክ ላይ፣ እንደ ወትሮው ትራሴ ላይ ተቀምጬ፣ እሷም ከመጋረጃው ጀርባ እየደረደረችልኝ፣ የስስታሙን ዓሣ ሻጭ ተረት አወራሁ። ሠላሳ ዓመት በዚህ አፍ እንጀራ በላሁ። መሃል ላይ ድምፄ ሻከረ። ተመልካቹ የዓሣ ሻጩ ድምፅ መስሎት ሳቀ። ይምሰለው ብዬ ቀጠልኩ።

ኤፕሪል 11
የሐኪሞች ውሳኔ እስከ ዛሬ፦ የጆሮው፣ ነፍሳት ነክሰውህ ነው። የአጥንቱ፣ የሚያመኝን ጎኔን ዳብሶ፣ ከሳል ነው። የአፍንጫው፣ አለርጂ። አንድ ሰው ነኝ፤ ለሦስት ተካፈሉኝ።
አራተኛው፣ ወጣቱ ዶክተር ካጂዋራ፣ ሁሉንም ሰምቶ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈው። የሚጽፍ ሐኪም ያስፈራል። ፔት የሚባል ምርመራ አዘዘ። ጨረር ያለበት ስኳር በደም ሥር ይሰጣል፤ የተቆጣ የሰውነት ክፍል ስኳሩን ይሻማል፤ ምስሉ ላይ ያበራል። ሆዳም ይጋለጣል ማለት ነው።

ኤፕሪል 19
ጾሜን ሄድኩ። ስኳሩን ወጉኝ። ነርሷ አንድ ሰዓት እንዳልናገር፣ እንዳላኝክ፣ እንዳልንቀሳቀስ አስጠነቀቀችኝ፤ የሠራ ጡንቻም ስኳር ይበላል አሉ። እኔን? ዝም በል? ሶኖኤ ይህን መድኃኒት ስትፈልግ ስንት ዘመኗ...
ድምፅ ሳላወጣ፣ በምላሴና በጉሮሮዬ ብቻ፣ ዓሣ ሻጩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረኩት። እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም።

ኤፕሪል 23
ምስሉን አየን። ጆሮዎቼ ፋኖስ መስለዋል። አፍንጫዬ፣ የጎድን አጥንቶቼ ጫፎች፣ የአየር ቧንቧዬ... ሁሉም በርተዋል። አንድ በሽታ ነው አለ ካጂዋራ፤ ሰውነቴ የገዛ ለስላሳ አጥንቱን ጠላት አድርጎታል። የሚያሰጋው የአየር ቧንቧው ነው። እሱ ከተበላ ድምፄም ይሄዳል።
ከዚያ ጣቱን ምስሉ ላይ፣ ምላሴ ጋ አሳረፈ። ፀሐይ አክሏል።
"መምህር፣ እያወሩ ነበር?"
"ለራሴ ነው። ድምፅ አላወጣሁም።"
"ስኳሩ ግን ሰምቶዎታል። እዚህ ጋ ምስሉን አበላሹት።"
ሶኖኤ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም። በሽታ ስም ሲያገኝ ደስ ይላል እንዴ? ደስ አለኝ።

ጁላይ 2
ስቴሮይድ የሚሉት ክኒን። ፊቴ እንደተጠበሰ የሩዝ ቂጣ ተነፋ። አፌን ሳልከፍት ይስቃሉ። ሠላሳ ዓመት የለፋሁበትን አንድ ክኒን ሠራው።

ኦገስት 26
ሁለተኛው ፔት። ጆሮዎቼ ጨልመዋል፣ ጎኔም። የአየር ቧንቧዬ ግን አሁንም ይነድዳል። ካጂዋራ የበረታ መድኃኒት ጨመረ። ሶኖኤ ድምፁ ይተርፋል ወይ ብላ ጠየቀችው። እየተሽቀዳደምን ነው አለ። ከማን ጋር... አላልኩትም።

ኦክቶበር 15
በሆስፒታል አልጋ ላይ። ትናንት መድረክ ላይ ዓሣ ሻጩ ሲጮህ ትንፋሼ አፏጨ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እርዱኝ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ... ባሰባቸው። ከመጋረጃው ጀርባ አንዷ ብቻ አልሳቀችም። ሻሚሴኑ መሬት ሲወድቅ ሰማሁት።

ኦክቶበር 30
አንገቴ ላይ ቀዳዳ፤ ቀዳዳው ላይ ቱቦ። ትንፋሽ አለ። ድምፅ የለም። የተደረመሰውን ቧንቧ መድኃኒት አያነሳውም ተባልኩ። ትንሽ ሰሌዳ ሰጡኝ።
ሶኖኤ "በስንት ጊዜዬ ተራዬ ደረሰ፣ አሁን እኔ ላውራ" ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም።

ፌብሩዋሪ 8
ሦስተኛው ፔት። ያው ክፍል፣ ያው ወንበር። ነርሷ ደንቡን ልትነግረኝ ጀምራ ቱቦውን አየችና ተወችው።
ምላሴ እኮ ደህና ነው። ማን ከለከለው? ዓሣ ሻጩን ጠበቅሁት... አልመጣም።

ፌብሩዋሪ 12
ካጂዋራ ምስሉን ሲከፍት ፊቱ ፈካ። የአየር ቧንቧው ጨለማ። በሽታው ተኝቷል።
"ጉሮሮና ምላስ ደግሞ እንዴት ጥርት ብሏል። ዘንድሮ ደንቡን ጠበቁልኝ፣ መምህር።"
ሶኖኤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።
ሰሌዳዬ ላይ ጻፍኩ፦ የኤፕሪሉን ምስል ይስጡኝ።
"የቱን? የተበላሸውን?"
ከሥሩ ጻፍኩ፦ አዎ፣ የተበላሸውን።